ፍሬትለስ ቤዝ ልትገዙ ነው? አዲስ ኮፒ፣ የውጭ ብራንድ ወይስ ፍሬቱ የተነቀለ?

ጎበዝ! ይህን የምጽፈው ጥያቄው ስለበዛ ነው። ፍሬት ማለት የጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ ፍሬትለስ ቤዝ ደግሞ እነሱ የሌሉበት ቤዝ ጊታር ነው። ባሕር ዳር በየልምምድ ቤቱ፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራም በስልክ፣ "ፍሬትለስ ቤዝ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ፕሮግረሲቭ ሮክ (ባጭሩ ፕሮግ፣ ረጃጅም ክፍልና የሚሰበር ምት ያለው ሮክ) የሚወዱ ልጆች ናቸው። ያንን እየተንሸራተተ የሚዘፍን የቤዝ ድምፅ አንዴ ይሰሙትና እንቅልፍ ያጣሉ። እኔም ከዚያ ድምፅ ጋር ብዙ ስለኖርሁ ስሜታቸው ይገባኛል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ባለፍሬት ቤዝ ግዙ፣ ከዚያ ፍሬቱን አስነቅሉት። እኛ አገር፣ በእኛ ኪስ፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ሌሎቹን ሁለት ምርጫዎች የማነሣቸው ለምን እንደማልመክራቸው እንድታውቁ ነው።

መጀመሪያ ዋጋ። ያለ ዋጋ የሚደረግ ወሬ ጊዜ ማጥፋት ነው።

አዲስ ስም የለሽ ፍሬትለስ፣ ማለትም የታወቀ ሞዴል ተመስሎ የተሠራውን ኮፒ፣ አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ በ36,000 ብር ገዝቶታል። ሻጩ ከ42,000 ነበር የጀመረው። የውጭ ብራንድ የሚባለው፣ ለምሳሌ ስኳየር ክላሲክ ቫይብ ፍሬትለስ ጃዝ ቤዝ፣ አሜሪካ ውስጥ አዲሱ ከ400 ዶላር በላይ ነው። 450 እንበልና ዶላሩን በ150 ብር እናስበው፤ 67,500 ብር ይመጣል። ይህ እንግዲህ ቀረጡም፣ የሚያመጣው ሰው የሻንጣ ኪሎም፣ ማሸጊያውም ሳይጨመር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ሳይለወጥ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበረ ያው ቤዝ በ26,000 ብር ግድም ይታሰብ ነበር። "ያኔ በገዛሁ" የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ያኔ ግን ዶላሩን በባንክ ዋጋ ማን ይሰጠን ነበር?

ሦስተኛው የእኔ መንገድ ነው። ባንዱ የተበተነ ወይም መሣሪያ የቀየረ ሰው የሚሸጠው ያገለገለ ያማሃ ወይም ስኳየር ባለፍሬት ቤዝ፣ ተከራክራችሁ 25,000 ብር። ለአናጢ 2,000 ብር። ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ቅብ) 600፣ ብርጭቆ ወረቀት 300፣ መሙያ እንጨትና ጥቃቅን ነገር 200። አዲስ ክር 25 ዶላር፣ ማለትም 3,750 ብር። ደምሩት፣ 31,850 ብር ነው። ከኮፒው 4,150 ብር ይቀንሳል፣ ከስኳየሩም ከግማሽ በታች ነው። የክሩን ዋጋ ማስገባቴን ደግሞ ልብ በሉ፤ ኮፒው ላይ ያለውን ክር በማግሥቱ አውልቃችሁ ስለምትጥሉት እዚያም ላይ ይኸው 3,750 መጨመሩ አይቀርም።

አሁን ስለዚያ ኮፒ ላጫውታችሁ፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ የገፋፋኝ እሱ ነው።

ወዳጄ ደስ ብሎት ይዞት መጣ። መልኩ ያምራል፣ ጥቁር ሰሌዳ (ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ፊት) አለው፣ መስመር የለውም፣ ጎኑ ላይ ብቻ የጣት ቦታ የሚያሳዩ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ራሱ (የአንገቱ ጫፍ) ላይ የታወቀ ስም ተለጥፏል። ስሙን በጥፍሬ ዳር ዳሩን ስነካው ተነሣ። እሺ፣ ስም አይጫወትም፣ እንለፈው። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በውሃ ረጠብ አድርጌ ሰሌዳውን ጠረግሁት። ጨርቁ ጠቆረ። ጥቁር እንጨት ነው የተባለው ቀለም የተቀባ ነጣ ያለ ለስላሳ እንጨት ነበር፤ እንዲህ ያለው እንጨት የብረት ክር በቀጥታ ሲፈጭበት ብዙ ሳይቆይ ይቦረቦራል። ባለፍሬት ቤዝ ላይ ይህ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል፣ ክሩ የሚያርፈው ፍሬቱ ላይ ነውና። ፍሬትለስ ላይ ግን እንጨቱ ራሱ ፍሬት ነው።

ቀጥሎ ሜትር አወጣሁ። የተለመደው የቤዝ ክር ከነት እስከ ብሪጅ 864 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማለትም 34 ኢንች። (ነት የምላችሁ ክሩ ከራሱ ሲወርድ የሚያርፍባት ጠባብ ቁራጭ ናት፤ ብሪጅ ደግሞ በሌላው ጫፍ ገላው ላይ ክሩ የሚያርፍበት ብረት ነው።) ኦክታቭ (ያው ኖታ ከፍ ብሎ የሚደገምበት ቦታ) ግማሹ ላይ ስለሆነ ሁለቱ ነጥቦች 432 ላይ መገኘት ነበረባቸው። የእሱ ላይ 419 ላይ ናቸው። ፋብሪካው ባለፍሬት ቤዝ ላይ እንደሚደረገው ነጥቦቹን በሁለት ፍሬት መካከል ሊወድቁ በሚገባቸው ቦታ ቀዳና ፍሬቱን ሳይመታበት ሸጠው ማለት ነው። ፍሬትለስ ላይ ጣት የሚያርፈው ልክ ፍሬቱ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ነው፣ ከኋላው አይደለም። ስለዚህ ወዳጄ ነጥቡን አምኖ በተጫወተ ቁጥር ሩብ ቃና ያህል ይወርዳል። ልጁ ለሳምንታት "ጆሮዬ ተበላሸ እንዴ" እያለ ራሱን ሲያሠቃይ ነበር። ጆሮው ደህና ነው። ነጥቡ ነው የዋሸው።

ይህም ቢሆን በነጭ ቀለም ይስተካከል ነበር። የማይስተካከለው ትረስ ሮዱ ነው። አንገቱ ውስጥ የተቀበረችው፣ ሲጎብጥ የምታቀናው ብረት ማለት ነው። ቁልፉን ከትቼ ባዞርሁት፣ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ምንም አይይዝም። አንገቱ እንደ ጎበጠ ቀረ። ሻጩ ጋ ስንደውል "ስትወስዱት ደህና ነበር" አለ፣ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለክርክር የትራንስፖርትና የአልጋ ከፍሎ ማን ይወርዳል? 36,000 ብር እንዲሁ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

እና ኮፒ አትግዙ። "እኔ ያገኘሁት ግን ደህና ነው" የሚል ሰው ካለ ደስ ይለኛል፣ ሜትሩንና እርጥብ ጨርቁን ግን ይዞ ይሂድ።

አንዳንዱ ደግሞ "ፍሬቱ የተነቀለ ቤዝ እኮ የተጠገነ ዕቃ ነው፣ ኦሪጅናል ፍሬትለስ አይደለም" ይለኛል። ይህ አነጋገር ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የዚህ ድምፅ ታሪክ የሚጀምረው ከመንቀል ነው። ቢል ዋይማን ሮሊንግ ስቶንስን ከመቀላቀሉ በፊት፣ በ1961 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)፣ የገዛውን ርካሽ ቤዝ ፍሬት ነቀለ፤ ሐሳቡ በሌላ ፍሬት ሊተካው ነበር፣ ድምፁን ሲሰማው እንደዚያው ተወው። በፋብሪካ ደረጃ አምፔግ ኤዩቢ-1 የሚባለውን ፍሬትለስ ያወጣው በ1966 ነው። ፌንደር የራሱን ፍሬትለስ ፕሪሲዥን ያወጣው በ1970። ከዚያ በ1976 ጃኮ ፓስቶሪየስ በስሙ አልበም አወጣና የቤዝ ተጫዋቹን ዓለም ገለበጠው። የያዘው ምን ነበር? ፍሬቱ የተነቀለ፣ ሰሌዳው ኢፖክሲ የተቀባ የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዝ። እኔ "አስነቅሉ" የምላችሁ ያንኑ ነው።

በፕሮግ በኩል ደግሞ ልትሰሟቸው የሚገቡ ሰዎች አሉ፣ ምክንያቱም ምን ዓይነት ድምፅ እንደምትፈልጉ ሳታውቁ ገንዘብ ብታወጡ ክሩንም ቅቡንም ትሳሳታላችሁ። ፐርሲ ጆንስን ብራንድ ኤክስ በሚባለው ባንድ ስሙት፤ የመጀመሪያ አልበማቸው የ1976 ነው፣ ከበሮው ላይ ፊል ኮሊንስ አለ። ጆንስ ቤዙን ያስጮኸዋል፣ ያስጉረመርመዋል፣ ድንገት ደግሞ አንድ ኖታ ይዞ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ፒንክ ፍሎይድ በ1979 ዘ ዎል ላይ "ሄይ ዩ" የሚለውን ሲቀርጹ ፍሬትለሱን የተጫወተው ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ነው፤ እዚያ ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ኮሊን ኤድዊን በፖርኪዩፓይን ትሪ ውስጥ ዝግ ባሉት ረጃጅም ክፍሎች ላይ እንዴት ቦታ እንደሚሞላ አድምጡት። ከበድ ያለው የሚመቻችሁ ደግሞ 1993ን ፈልጉ። ሾን ማሎን በሲኒክ "ፎከስ" ላይ፣ ስቲቭ ዲጆርጂዮ ዴዝ በሚባለው ባንድ አልበም ላይ፣ ያን ሁሉ የሚነጉድ ጊታርና ድርብ ከበሮ እየሰነጠቁ ፍሬትለስ ያሰማሉ። በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ቤዙ ሥር ኖታ እየመታ ቁጭ አይልም። ዜማ ይይዛል፣ ምቱ 7 ወይም 11 ሆኖ ሲሰበር እሱ በመንሸራተቱ ስብራቱን ያያይዘዋል።

ያ "ምዋ" የሚል የፍሬትለስ ድምፅ ከየት ይመጣል? ክሩ በፍሬት ጫፍ ሳይቆረጥ በእንጨቱ ገጽ ላይ ተኝቶ በትንሹ ስለሚንዘረዘር ነው። ስለዚህ አንገቱ ቀጥ ሊል፣ ክሩም ለሰሌዳው በጣም ሊቀርብ ይገባል። እዚህ ላይ ነው የአንገቱ ጤንነት ከስሙ የሚበልጠው። የጎበጠ አንገት ያለው የ67,000 ብር ቤዝ ምዋ አይልም፤ ቀጥ ያለ አንገት ያለው የ25,000 ብር ያማሃ ይላል።

ስለ ውጭ ብራንዱ ፍትሐዊ ልሁን። ስኳየሩ ጥሩ ዕቃ ነው። ጀርመን ወይም ኦስትሪያ ዘመድ ያለው ደግሞ ሐርሊ ቤንተን የሚባል፣ ከ200 ዩሮ ብዙም የማይርቅ ፍሬትለስ ማግኘት ይችላል፤ በዋጋው ሳስበው ከኮፒው እሱ በስንት ጣዕሙ። ችግሩ አመጣጡ ነው። ሰው ይለመናል፣ "ሻንጣዬ ሞልቷል" ይባላል፣ በመጨረሻ አንገቱ ከገላው ተፈትቶ በልብስ ተጠቅልሎ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ደግሞ በአውቶቡስ ሆድ ውስጥ ዓባይ በረሃን ወርዶ ይወጣል። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ እንጨት የእኛን በጋ እስኪለምድ አንገቱ ይንቀሳቀሳል። የሚያስተካክለው ሰው በአቅራቢያ ከሌለ "ብራንድ ገዝቼ ይጮህብኛል" ማለት ይመጣል። ዘመድም ገንዘብም ካላችሁ ግዙት፣ አልከለክልም። ለመጀመሪያ ፍሬትለስ ግን ይህን ያህል ብር አይገባውም ባይ ነኝ፤ ከስድስት ወር በኋላ "ለካ ለእኔ አይደለም" የሚል ሰው አይቻለሁ፣ እዚህ ደግሞ ፍሬትለስ መልሶ የሚገዛ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

እሺ፣ ያገለገለውን ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

መልኩን እርሱት። ቀለሙ የተላላጠ ይሁን፣ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። ፍሬቱ በልቷል፣ ተቦርቡሯል ይሏችኋል፤ በጣም ጥሩ፣ ልትነቅሉት አይደል? ይህን ለሻጩ አትንገሩት። "ፍሬቱ አልቋል እኮ" ብላችሁ 3,000 ብር አስወርዱ። እኔ ዘንድ በዚህ መንገድ ከ28,000 ወደ 25,000 የወረደ ቤዝ አለ።

አንገቱ ላይ ግን ርኅራኄ የለም። አንድ ክር መጀመሪያው ፍሬትና መጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጫኑና መካከሉ ላይ ክፍተቱን እዩ። የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ከዚያ ትረስ ሮዱን ሩብ ዙር አዙሩና ክፍተቱ መለወጡን ተመልከቱ። ሩብ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አታስጨንቁት። ከተለወጠ ብረቱ ይሠራል። ሻጩ "አይነካም" ካለ ትታችሁ ሂዱ። በዚህ ጉዳይ ደላላ መሐል ቢገባ እንኳ አልሰማም።

ሰሌዳው ሮዝውድ ወይም ሌላ ጠቆር ያለ ጠንካራ እንጨት ይሁን። ነጩ ሜፕል አንገት ላይ ቫርኒሽ ስላለው ፍሬቱ ሲነቀል ቫርኒሹ ይፈነቀላል፣ እንደ ገና መቀባትም አለበት፤ ሥራውም ወጪውም ይበዛል። የኤሌክትሪኩ ነገር አያሳስብ። ቮልዩሙ ቢንኮሻኮሽ፣ የገመዱ መሰኪያ ቢላቀቅ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ በ200 እና በ300 ብር ያስተካክለዋል።

አሁን ወደ መንቀሉ። ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት፣ ብዙ ቤዝ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ፍሬት በፒንሳ ይዘው እንደ ጥርስ አይጎትቱትም። መጀመሪያ በሬዲዮ ጠጋኝ ማቅለጫ ፍሬቱን ከዳር እስከ ዳር ያሞቁታል፤ ሙቀቱ ሙጫ ካለ ያላላዋል፣ እንጨቱንም ያለዝበዋል። ከዚያ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ቆራጭ ፒንሳ ከሥሩ አስገብቶ ቀስ በቀስ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው፣ እየቆነጠጡ ማንሣት። ስንጥር ከተነሣ እዚያው በሱፐር ግሉ መልሱት። ስንጥሩን አትጣሉት፣ የዚያን ቦታ የሚመጥን ሌላ እንጨት የለም።

የቀረውን ቀዳዳ ባዶ አትተዉት። ይህን የሚያደርግ ሰው አለ፣ "መልክ ብቻ ነው" እያለ። አይደለም። ፍሬቶቹ ሰሌዳውን ወጥረው ይይዙት ነበር፤ ሁሉም ወጥተው ቀዳዳው ክፍት ሲሆን አንገቱ ይላላና በክሩ ጉልበት ወደ ፊት ይጎብጣል። ስስ የእንጨት ቅጠል አስገብቶ በሙጫ መሙላት ያስፈልጋል። ነጣ ያለ እንጨት ከሆነ ደግሞ መስመር ይሆናችኋል፣ ያውም በፋብሪካ ማሽን ልክ የተቆረጠ መስመር። ኮፒው በ13 ሚሊ ሜትር የሳተውን ነገር እናንተ በነጻ አገኛችሁት ማለት ነው። መስመር ያለው ፍሬትለስ የጀማሪ ነው የሚሉትን አትስሟቸው፣ የጃኮ ሰሌዳ ላይም መስመሩ ይታይ ነበር።

እኔ ያሠራሁት ባሕር ዳር አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩ አናጢ ዘንድ ነው። መጀመሪያ አልፈለጉም። "ምነው ልጄ፣ ደህናውን ዕቃ ለምን ታፈርሰዋለህ?" አሉኝ። ነገሩ ሲገባቸው ግን እጃቸው የሚገርም ነው። ሰሌዳው ጠፍጣፋ አይደለም፣ በወርዱ ጎበጥ ያለ ነው፤ ዝም ብሎ በጠፍጣፋ እንጨት ቢሞርዱት ኩርባው ይጠፋና ክሩ መሐል ላይ ይጮኻል። እሳቸው ብርጭቆ ወረቀቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ሰሌዳው ላይ ዘረጉና አንዲት ቁራጭ እንጨት በላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ አሹት። እንጨቷ ራሷ የሰሌዳውን ኩርባ ቀዳች። ከዚያ ወረቀቱን እንጨቷ ላይ ለጥፈው በርዝመቱ ሙሉ፣ በ120 ቁጥር ወረቀት ጀምረው በ400 ጨረሱ። ለዚህ መሣሪያ ውጭ አገር ብር ይከፈልበታል። እሳቸው ከጉማጅ አወጡት። 2,000 ብሩን ስሰጣቸው አልተከራከርሁም።

ሁለት ነገር አይረሳ። አንደኛ፣ ነቱ። ፍሬቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ ነበረው፤ እሱ ሲሄድ ነቱ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይቀራል። የክሩን ማረፊያ ወደ ታች ሞርዱት፣ ክሩ ሰሌዳውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ። ሁለተኛ፣ ብሪጁ ላይ ክሩን የሚሸከሙትን ትንንሽ ብረቶች ዝቅ አድርጉ። መሬት ነክተው እንኳ ክሩ ከፍ ካለ አንገቱን ፍቱና ከሥሩ፣ ወደ ብሪጁ ባለው ዳር በኩል፣ ጠንካራ የካርድ ቁራጭ አስገቡ። ዋጋው ዜሮ ብር ነው፣ ለውጡ ግን የሌላ ቤዝ ነው የሚመስለው።

ኢፖክሲው በክሩ ላይ ይወሰናል። ክር ሁለት ዓይነት ነው። ዙሪያውን ሸካራ የሆነው ራውንድዋውንድና ለስላሳ ጠፍጣፋ የሆነው ፍላትዋውንድ። የፐርሲ ጆንስን፣ የጃኮን ጉርምርምታ ከፈለጋችሁ ራውንድ ነው፤ ሰሌዳውን ግን እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ስለዚህ ኢፖክሲ ቅብ ግድ ነው። ፍላት ከሆነ ቅቡ ባይኖርም ይቻላል፣ ድምፁ የለዘበ ወፍራም ነው፣ ዋጋው ግን ከ40 ዶላር ይጀምራል። 6,000 ብር ማለት ነው። ራውንዱ ከነኢፖክሲው 4,350 ስለሚሆን ለፕሮግ የመጣ ሰው በዋጋም በድምፅም ራውንድ ይሻለዋል። ራውንድ ቶሎ ይሞታል፣ ማለትም ድምፁ ይደክማል፣ የሚለው እውነት ነው፤ ሲሞት አውልቃችሁ ውሃ ውስጥ ቀቅሉት፣ በደንብ አድርቁት፣ ለተወሰነ ጊዜ ይነቃል። ጨርሶ አዲስ አይሆንም፣ 3,750 ብር እስክታገኙ ግን ያሻግራል።

ኢፖክሲ ስትገዙ በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን አትውሰዱ። ሳትጨርሱት ይያዛል። በ24 ሰዓት የሚጠነክረውን ፈልጉ፣ በስሱ ደጋግማችሁ ቀቡ፣ በየመሐሉ ሞርዱ። እባካችሁ ክረምት ላይ አትሥሩት! ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም ውስጥ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ፤ እርጥበቱ ኢፖክሲውን ያደበዝዘዋል፣ ላዩም ቅባት የነካው ይመስላል። ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ነው፣ ያኔ ሥሩ። ነፋስ ግን ከክፍሉ አስወጡ፣ አቧራ ከተቀመጠበት እንደ ገና መሞረድ ነው።

አንገቱ ወቅት ሲቀየር ይንቀሳቀሳል። እኔ መስከረም ላይ አያለሁ፣ በጋው ሲበረታ ደግሞ አያለሁ፣ ካስፈለገ ሩብ ዙር። ቁልፉን ከቤዙ ቦርሳ አልለየውም።

ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ ትገባላችሁ ለሚል፣ እኔን የማረከኝ አንድ ነገር አለ። ማሲንቆም እኮ ፍሬት የለውም። የጎጃም አዝማሪ በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ላይ ጣቱን እያንሸራተተ ነው አንችሆየን የሚያወጣው፤ የሚያወጣትም ድምፅ ከኪቦርዱ እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አትገጥምም። ባለፍሬት ቤዝ ይዤ ከማሲንቆ ጋር ስለማመድ እዚያች ቦታ ላይ ሁሌ እንጋጭ ነበር። ፍሬትለሱን ይዤ ስመጣ ጣቴን ትንሽ ሳብ አደረግሁ፣ ገጠመ። ፕሮግ የምትወዱ ልጆች ረጅም ክፍል ትጽፋላችሁ፣ ምት ትሰብራላችሁ፤ መሐሉ ላይ አምባሰልን ወይም አንችሆየን በፍሬትለስ አንዴ ሞክሩት። ደቡብ አፍሪካዊው ባኪቲ ኩማሎ በ1986 በፖል ሳይመን አልበም ላይ በፍሬትለስ ያደረገውን ያየ ሰው የራሳችን የማይሆንበት ምክንያት አይታየውም።

ይህን ሁሉ ብዬ የማልመክራቸው ሰዎች አሉ። ያላችሁ ቤዝ አንድ ብቻ ከሆነና በእሱ ሠርግና ሆቴል እየሠራችሁ የምትበሉ ከሆነ አትንቀሉት። መድረክ ላይ ራሳችሁን የማትሰሙበት ሌሊት አለ፣ ሞኒተር የለም፣ ኪቦርዱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ያኔ ፍሬት ያድናችኋል። ሁለተኛ ቤዝ እስክትገዙ ጠብቁ። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከባንድ የተዋሳችሁትንም እንዳትነኩ፣ የተነቀለ ፍሬት መልሶ ማስመታት እዚህ አካባቢ የሚሠራው ሰው ብርቅ ነው፣ ዋጋውም ከመንቀሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ዋጋ ለሚያጣሩ አንድ ነገር ልጨምር። 31,850 ብሩን በአንድ ቀን ማውጣት ግድ አይደለም። ቤዙን አሁን በ25,000 ግዙ፣ እስከ ታኅሣሥ ከነፍሬቱ ተጫወቱበት፣ አንገቱን ጠባዩን እዩት። በዚህ መሐል ክሩን ከውጭ ለሚመጣ ሰው እዘዙ፤ ክር ትንሽ ፖስታ ስለሆነ "ሻንጣዬ ሞልቷል" የሚል የለም። ስትነቅሉ ደግሞ የወጡትን ፍሬቶች በቅደም ተከተል በላስቲክ አስቀምጧቸው፣ ቀዳዳውን የምትሞሉበትን ቅጠል ውፍረት የሚነግራችሁ የፍሬቱ እግር ነው፤ አናጢው ዘንድ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ።